ጳጉሜን የረሳው መመሪያ

ስልኬ ሲጠራ አሶሳ፣ በተከራየሁበት ግቢ መሀል ዝናብ ላይ ቆሜ ነበር። ቀኑ ጳጉሜን ሦስት፣ ሩፋኤል ነው። ሰማይ በሚከፈትበት ቀን የሚወርደውን ጠበል እንኳን በአገሬ በመንዝ፣ ሰው አገር መጥቼም አሳልፌው አላውቅም። ፊቴን በመዳፌ ጠርጌ ስልኩን አነሳሁ።

ደዋዩ ባምባሲ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ልደት የሚመዘግብ የወለጋ ሰው ነው።

«እህት ዓለም፣ ሲስተማችሁ አራስ አስቆጥቶብኛል» አለኝ።

«ምን አደረጋት?»

«ልጇ ትናንት ተወለደች፣ ጳጉሜን ሁለት። ወሩን አሥራ ሦስት ብዬ ስሞላ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ብቻ ነው ይለኛል። መመሪያሽን ገልጬ ባይ፣ ገጽ ዘጠኝም ያንኑ ይላል። ቆይ፣ ጳጉሜን የምትጾሙት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

ውሃው ካገጬ ይንጠባጠባል። የለም ብዬ በጻፍኩት ወር ጠበል እየተጠመቅሁ ነበራ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በምሠራበት የክልሉ የልደት ምዝገባ ቢሮ የኮምፒዩተር ሰንጠረዦች ድሮ የሰጧቸውን ሁሉ ይውጡ ነበር፤ የአባት ስም ባዶ ቢሆን፣ ወሩ አርባ ቢባል ግድ የላቸውም። አንድ ባልደረባዬ ለሰንጠረዦቹ ገደብ የሚያበጅ ትንሽ ፕሮግራም ሠራ፦ ይህ ባዶ አይሁን፣ ይህ ቁጥር ከዚህ አይለፍ የሚል። እሱ መሥራት እንጂ ማስረዳት አይሆንለትም፤ መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እያንዳንዱን መስመር ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ አማትቤ ነው ያሳተምኩት። ምሳሌዎቹንም በቅጂ መዝገብ ላይ ሞክሬያቸዋለሁ። ቅጂው ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ብቻ ነበር። የየወረዳው ባለሙያ ደግሞ ምሳሌዬን እንዳለ ገልብጦ እውነተኛው ሰንጠረዥ ላይ አሰረው። እኛ ጋ ምሳሌ ማለት ትእዛዝ ነው።

«በጳጉሜን የወለዱትን ሌሎቹን እናቶች ምን አደረግሃቸው?» አልኩት።

«ልደቱን መስከረም አንድ ብዬ ጽፌ ሸኘኋቸው፤ እሺ ብለው ሄዱ። ይቺ ግን ከመስኮቴ ወይ ፍንክች! እስቲ አንቺ አናግሪያት።»

ስልኩን ሰጣት። የበርታ ብሔረሰብ ሴት ናት፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«መስከረም ገና ነው። ያልመጣ ቀን ሰው እንዴት ይወለዳል? እኔ አራት ልጅ አለኝ። ሁሉም ወረቀት መስከረም አንድ ይላል፤ ቀን አላወቅንም። ይሄ ልጅ ግን ቀኑን አወቅን፣ አዋላጅ ጽፎ ሰጠኝ። ወላሂ፣ ቀኑን አትውሰድበት።»

«አልወስድባትም። ትንሽ ጠብቂኝ።»

«ዝናብ ነው፣ የት እሄዳለሁ?» ብላ ሳቀች።

እንደራስኩ ቢሮ ገባሁ። ባልደረባዬ ቀና ብሎ አየኝና «ጠበል ነው ጎርፍ?» አለ። ነገርኩት። ግንባሩን በመዳፉ መታ፤ እሱም ረስቶ ነበር። በፕሮግራሙ የታሰረ ገደብ አይታረምም፤ አሮጌው ይፈታል፣ አዲስ ይታሰራል። እዚያው ቢሮ ሆነን በየወረዳው ሰንጠረዥ ላይ ወሩን እስከ አሥራ ሦስት አደረግነው፤ አሥራ ሦስተኛው ከሆነ ቀኑ ከአምስት አይበልጥም፣ በዘመነ ሉቃስ ግን ስድስት።

«ሉቃስን ለኮምፒዩተር እንዴት ብዬ ልንገረው?» አለኝ።

«ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍል። ሦስት ከተረፈ ሉቃስ ነው።»

«ይሄን ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩኝም።»

«ቅዳሴ እንኳ ሳታስቀድስ ማን ያስተምርህ!»

ፕሮግራሙ አዲስ ገደብ ከማሰሩ በፊት ያለውን መዝገብ ሁሉ አንድ በአንድ ያያል። ስክሪኑ ላይ ክቡ ምልክት እየተሽከረከረ ሲቆይ ከንፈሬ ሩፋኤልን ይለምን ነበር። ታሰረ! ባምባሲ ደወልኩ።

«ገባች!» ብሎ ጮኸ የወለጋው ሰው። «ጳጉሜን ሁለት!» ከኋላው እልልታ ሰማሁ፤ ወረፋ የያዙት ሴቶች ናቸው። እኔም እዚህ አቀለጥኩት፤ ባልደረባዬ በሩን ዘጋ።

በአዲሱ ዓመት ከባምባሲ በመጣ መኪና አንድ ፌስታል ተላከልኝ፤ የተላጠ የቀርከሃ ቡቃያ ነው፣ «ለጻፈው ሴትዮ» ተብሎ። አከራዬ አሠራሩን አሳይታኝ በላነው። ገጽ ዘጠኝንም እንደገና ጻፍኩት፤ የምሳሌው ልደት አሁን ጳጉሜን ሁለት ነው።

ከእሷ ቀድማችሁ እዚያ መስኮት ላይ የነበራችሁ፣ መስከረም አንድ ተብሎ ሲጻፍላችሁ እሺ ብላችሁ የሄዳችሁ እናቶች፣ እባካችሁ የአዋላጇን ወረቀት ይዛችሁ ተመለሱ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሰንጠረዡ አሁን ለልጆቻችሁ ቀን ቦታ አለው።