ጨው የለበሱት ቀንድ አውጣዎች

ንጋት 12 ሰዓት፣ ደሴ፣ ሆጤ

ሌሊቱን በቅጡ አልተኛሁም። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ሰው እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ብርዱ ጉልበት ይቆረጥማል፣ መስኮቱ አይዘጋም፣ እኔን ግን የሚያንቀጠቅጠኝ ሌላ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ኮምቦልቻ ዳር ካለ የመስኖ ቦይ ሃያ ቀንድ አውጣ ለቅሜ ነበር። ዛጎላቸው እንደ ተጠቀለለ ገመድ ዝርግ ነው። አንደኛው ዘር ቢልሃርዚያ ያስተላልፋል፣ አምሳያው ደግሞ ማንንም አይነካም፤ ትንንሾቹን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ከሥጋቸው ቁራጭ ተወስዶ ዲኤንኤያቸው ይነበባል። የሱቅ ዕቃ በባርኮዱ እንደሚታወቅ፣ እነሱም በዚያ ይታወቃሉ። ቦዩ ውስጥ የሰፈሩ ልጆች ይዋኛሉ። እናቶቻቸውን ከልክሏቸው ስላቸው «በማይታወቅ ነገር ልጅ ቤት አይታሰርም» አሉኝ። እውነት አላቸው።

ያን ዕለት ወደ ባቲ ስለምቀጥል ቀንድ አውጣዎቹን የያዘውን ጠርሙስ ኮምቦልቻ ያሉት አጎቴ ሰይድ ዘንድ አደራ አስቀመጥኩ። ሥጋው እንዳይበሰብስ የሞላሁበት የላብራቶሪ አልኮል ነው። አጎቴ ደግሞ አልኮል ያለበት ሽቶ እንኳ ቤታቸው የማያስገቡ ሰው ናቸው። «መድኃኒት ነው» አልኳቸው። ዋሸሁ።

ከዚያ ወዲህ ገበሬው ቦዩን ጠርጎ ቀንድ አውጣውን ከነጭቃው አውጥቶታል። ሌላ ልለቅም ብል ተመልሰው እስኪራቡ ወራት ይፈጃል፤ በየስንጥቁ የቀሩት ጥቂቶች ግን ለበሽታው ይበቃሉ፣ ልጆቹም ዛሬም ይዋኛሉ። ትናንት ስደውል አጎቴ «ነይ፣ የምናወራው አለ» ብለው ዘጉት።

1 ሰዓት ከሩብ፣ ሀረጎ ቁልቁለት

ጉሙ መንገዱን ውጦታል። የጭነት መኪኖች መብራታቸውን አብርተው ዳገቱን እያቃሰቱ ይወጣሉ። ሾፌሩ በመስታወት አየኝ።

«እህት፣ ምነው ወንበሩን ቆንጥጠሽ ያዝሽው? ፍሬኑ ይሠራል፣ አይዞሽ።»

ፍሬኑ እንዳልሆነ ነገርኩት፤ የቀንድ አውጣውንም ነገር አጫወትኩት።

«ለቀንድ አውጣ ስም ለማውጣት ነው ይሄ ሁሉ?» አለ። «ወላሂ፣ እኛ ለበኩር ልጃችን እንኳ እንዲህ አልተጨነቅንም።»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ከአንገት በላይ።

2 ሰዓት ተኩል፣ ኮምቦልቻ

ሙቀቱ ከበር ይቀበላል። ከሌሊት ፈረቃ የወጡ የፋብሪካ ልጆች ዳቦና ሻይ ይዘው መንገድ ዳር ቆመዋል። በባጃጅ አጎቴ መጋዘን ደረስኩ። አጎቴ ቆዳ ነጋዴ ናቸው፤ ጥሬ ቆዳ ገዝተው፣ በጨው አሽተው፣ ደርድረው ያቆያሉ። ሽታው ገና ከውጭ ይሰማል፤ እኔ ግን በልጅነቴ ለምጄዋለሁ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አጎቴ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ዘሀራ፣ ያ መድኃኒትሽ ክዳኑ አፈሰሰ። ሸተተኝ። አረቄ ቤቴ አስቀምጠሽ መድኃኒት ትይኛለሽ?»

«የሚጠጣ አይደለም፣ አጎቴ። ቢሆንም መንገር ነበረብኝ። አውፍ ይበሉኝ።»

«ደፋሁት።»

የቆዳ ክምር ላይ ተቀመጥኩ።

«ቀንድ አውጣዎቹስ?»

«እነሱ ምን አጠፉ?» አሉና ከመደርደሪያ ላይ የላስቲክ ማሰሮ አወረዱ። እስከ ግማሹ ጨው ነው፤ ቀንድ አውጣዎቹ ጨው ውስጥ ተቀብረዋል። «ሥጋ እንዳይበላሽብሽ እንደሆነ ገብቶኛል። ቆዳን ስንት ወር የሚያቆይ ጨው ይሄን ያቅተዋል?»

ወዲያው ጥናቴን ለሚከታተሉት የዩኒቨርሲቲ አማካሪዬ ደወልኩ። «ከነጨው አምጪያቸው፤ እንዳታጥቢያቸው» አሉ። «ይነበባል?» ብላቸው «ጨው ብዙ ጊዜ ያቆያል፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም» አሉኝ። ከመውጣቴ በፊት ከየትኛው ቦይ እንደለቀምኳቸውና ልጆቹ እዚያ ሲዋኙ ምን በሽታ እንደምፈራላቸው ለአጎቴ ነገርኳቸው።

9 ሰዓት፣ ሀረጎ ዳገት

ማሰሮው ጭኔ ላይ ነው። በየኩርባው ክዳኑን እነካለሁ። ባይነበብ ለእናቶቹ ምን እንደምል አስባለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ረፋድ፣ ቦዩ ዳር

ተነበበ። ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት። ከሃያው አሥራ ስድስቱ ጨው ውስጥ ሳይበላሹ ቆይተዋል፤ አሥራ ስድስቱም ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ዘር ናቸው። መጀመሪያ በደስታ ዘለልኩ፤ ወዲያው በራሴ አፈርኩ። በስልክ መንገሩ ስላልሆነልኝ ያገኘሁትን የመጀመሪያ ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ።

ሀረጎን ስወርድ ሁሉ በዓይኔ የሚመጣው ውሃ ውስጥ የሚንቦጫረቁት ልጆች ነበሩ። ስደርስ ውሃው ውስጥ ማንም የለም። ልጆቹ የሚዋኙበት ቦታ ዙሪያውን በእሾህ ታጥሯል፤ እሾሁ ደርቆ ቅጠሉን አራግፏል። የዛሬ ሥራ አይደለም። አጎቴ አጥሩ ሥር ቆመው እየጠገኑ ነው።

«ማን ነገረዎ? ውጤቱ ዛሬ ነው የመጣው» አልኳቸው።

«አንቺ ነሻ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ከተወለድሽ ጀምሮ ዋሽተሽኝ አታውቂም። ለዚህ ከዋሸሽኝ ነገሩ ቀላል አይደለም ብዬ፣ ማሰሮውን ይዘሽ የሄድሽ ዕለት አጠርኩት።»

እንባዬ መጣ።

አጎቴ እጃቸውን አራገፉና ከአጥሩ ማዶ ተኮልኩለው ወደሚያዩን ልጆች በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲረግሙኝ ከረሙ። በይ አሁን ለእነሱ ንገሪያቸው።»