ከኪራይ ጫማዎቹ መሀል የከረመችው ሜብል

ማርሊስ ሃቭሊክ አሜሪካ፣ ዱሉት ከተማ ውስጥ፣ ከሐይቁ በላይ ባለው የጉናር ቦውሊንግ ቤት፣ ኳስ አንከባለው የቆሙ እንጨቶችን ለሚጥሉት ተጫዋቾች የመጫወቻ ጫማ ታከራይ ነበር። እኛ የወረቀት ፋብሪካ ሴቶች ሐሙስ ሐሙስ ማታ እየሄድን እንጫወታለን። በሩ ሲከፈት የሚቀበለን የድንች ጥብስና የእርጥብ ካፖርት ሽታ እስካሁን ውል ይለኛል። ማርሊስ ሰላምታ አይሆንላትም፤ ጫማውን ገፋ ታደርግልሽና "ካልሲሽን ቀይሪ" ትልሻለች።

ሜብልን ያመጣባት የእህቷ ልጅ ነው። ባሕር ኃይል ሲገባ ለጥቂት ሳምንት ብሎ ትቶላት ሄደ። ሜብል ፌሬት ናት፤ ሸለምጥማጥ የምትመስል፣ ሰው ቤት የምትኖር፣ ቀጭን ረጅም እንስሳ። ማርሊስ መጀመሪያ ላይ ሽታዋን እያማረረች ጠላቻት። ዓመት ሳይሞላ ግን ልጁ ልውሰዳት ብሎ ሲደውል ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ከዚያ ሜብል መዝለሏን ተወች። የኋላ እግሮቿ ይከዷት፣ አንድ ቦታ አፍጥጣ ትቀር ጀመር። ሐኪሙ ቆሽቷ ላይ ስኳሯን የሚያወርድ እባጭ አገኘና ቀዶ አወጣው። አለፈላት ስንል ቁስሉ አበጠ፤ ስኳሯም መውረዱን አልተወም፤ ምግብ ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። ሐኪሙ የተፈጨ ዶሮ ቶሎ ቶሎ በጣቷ እያስላሰቻት፣ ብቻዋን እንዳትተዋት አዘዘ። ማርሊስ ደግሞ ከሥራ መቅረት አትችልም።

ስለዚህ በሹራብ ጠቅልላ ቦውሊንግ ቤቱ አመጣቻትና ከመደርደሪያው ታችኛው ረድፍ፣ ከኪራይ ጫማዎቹ መሀል ሸሸገቻት። ጉናር እንስሳ ደጁን እንዲረግጥ የማይፈቅድ ሰው ነበር። አንድ ምሽት ባንኮኒውን ተደግፎ ትንሽ ቆየና፣

"ማርሊስ፣ አንዱ ጫማ ተንቀሳቀሰ" አላት።

"ስንት ቁጥር ነው?" አለችው፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ጎንበስ ብሎ አየ። የሜብል ሆድ ተላጭቶ ስፌቱ ይታያል። ቀና ብሎ ወደ ወጥ ቤቱ ገባ። አሁን ያባርራታል ብለን ስንጠብቅ፣ ለብ ያለ የዶሮ መረቅ በሲኒ ይዞ ተመለሰ። "ጨው የለውም" አለና አስቀምጦላት ሄደ።

አንድ ሐሙስ በጨዋታ መሀል ሜብል ግትር አለች፤ ለሃጯ ተዝረበረበ። ማርሊስ ለሻይ ከሚቀርበው ማር በጣቷ ዛቅ አድርጋ ድዷን ታሽላት ጀመር። እኛም አንድ በአንድ ኳሳችንን አስቀመጥን። ያ ቤት ሰው ሞልቶበት ጸጥ ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ነይ እንጂ" ትላታለች ማርሊስ ቀስ ብላ። "ነይ የኔ ሆዳም፣ ጥለሽኝ የት ልትሄጂ ነው?"

እኛን በዚያ ድምፅ አናግራን አታውቅም። ሜብል መጀመሪያ ምላሷን አወጣች። ቆይታ የማርሊስን ጣት ላሰች፤ ከዚያ ዶሮዋን በላች።

ቁስሉ ቀስ በቀስ ደረቀ። ሐኪሙ ያዘዘላት ክኒን እስከ መጨረሻው አልቀረላትም፤ በረዶው ቀልጦ መስኮቶቹ ሲከፈቱ ግን ከመደርደሪያው እየወጣች የተጫዋቹን የጫማ ማሰሪያ ትጎትት ነበር። የሚቀጥለውንም በረዶ አየች። በእንቅልፏ የሞተችው ከዚያ በኋላ ነው። ማርሊስ ያን ሰሞን አልመጣችም፤ ጉናር ራሱ ጫማ ሊያከራይ ቆሞ የሁላችንንም ቁጥር አምታታው።

ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል። እኔም ፋብሪካውን ለቅቄያለሁ፤ ሐሙስ ማታ የምሄድበት የለኝም። ማርሊስ አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። ስለ አየሩ ታማርራለች፣ ስለ ጉልበቷ ታማርራለች፤ ከዚያ "ደግ ጊዜ ነበር፣ አይደል?" ትለኛለች።

ነበር እላታለሁ።