እህቴን ፍለጋ ወደ ካርቱን በዓል

የእህቴ ስልክ ከተዘጋ ስምንተኛ ወሩን ይዞ ነበር። እኔ ዓረብ አገር፣ አል ሀይል በሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነኝ፤ እሷ አል ኹድ ውስጥ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። በመኪና ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ያለ ሰው ይጠፋል ብሎ ማን ያስባል? የመጀመሪያውን ሳምንት በንዴት ነው የፈጀሁት፤ ካርድ መሙላት ሰንፋ ነው፣ ድሮም ግድ የላትም እያልኩ። በሦስተኛው ሳምንት የምትሠራበት ቤት ሄጄ በሩን ሳንኳኳ አንድ ቀለም ቀቢ ብሩሹን እንደያዘ ከፈተልኝ። ቤቱ ባዶ ነው። ሰዎቹ ለቀዋል፤ ወዴት እንደሄዱ አያውቅም።

"የአሠሪዋ ስም ማን ነው?" አለኝ ፖሊስ ጣቢያ ያገኘሁት ሰው። አላውቅም። የፓስፖርቷ ቁጥርስ? እሱም የለኝም። እህቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ሴትየዋን "ማማ"፣ ሰውየውን "ባባ" እያለች ስታወራልኝ አንድ ቀን እንኳ ስማቸውን አልጠየቅኋትም። እሷም የእኔን አሠሪዎች ስም አታውቅም፤ እኛ እዚህ የምንኖር ሰዎች አብዛኞቻችን እንዲህ ነን። የጎረቤቱን ሁሉ ታርጋ በቃሌ የያዝኩ ሰውዬ የእህቴን አሠሪ ስም አላውቅም። እስከ ዛሬ ራሴን የምረግመው በዚህ ነው።

ደሴ ላለችው እናታችን ስልኳ ተሰብሮ ነው አልኳት። ከዚያ፣ አሠሪዎቿ ለእረፍት ይዘዋት ሄደዋል አልኳት። ውሸቴ እያለቀ ሲመጣ እናቴ መጠየቅ አቆመች፤ ዝምታዋ ከጥያቄዋ ባሰብኝ። አንድ ቀን ብቻ፣ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለችውን ጥላ ገዝታ ሳጥን ውስጥ እንዳስቀመጠች ነገረችኝ። "ደህና ናት የሚለኝ ሰው ያገኘሁ ዕለት አስገባዋለሁ" አለች። እኔ ያን ሁሉ ወር ደህና ናት ስላት ነው የከረምኩት። እንደ ሰው አልቆጠረችኝም ማለት ነው፤ አውቃብኛለች።

በእጄ የቀረችው አንዲት ፍንጭ እህቴ የምትሠራበት ቤት ልጅ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይሆናታል። እህቴ ከእሷ ሌላ ወሬ አልነበራትም፤ ካርቱን ካየች እህል አትቀምስም፣ ቀኑን ሙሉ ስትሥል ትውላለች፣ በየዓመቱ ሰው የካርቱን ገጸ ባሕርይ መስሎ የሚለብስበት የካርቱን በዓል ሲመጣ አዲስ ልብስ ካልተሰፋልኝ ብላ ታለቅሳለች እያለች ትስቅ ነበር። ባለፈው ዓመት እናታችን የላከችላትን ነጠላ ቀድዳ ካባ ሰፍታላታለች። ያኔ ተቆጥቻት ነበር። የእናቴ ነጠላ፣ ቢጫና ሰማያዊ ጥለት ያለው፣ ለካርቱን! "ልጅቷ ስትለብሰው ብታያት አትናደድም ነበር" አለችኝ።

ስለዚህ በዓሉን ጠበቅኩ። የዘንድሮው ማስታወቂያ መንገድ ዳር የተሰቀለ ዕለት መሪውን ይዤ አለቀስኩ። የአሠሪዬ ሁለት ጎረምሳ ልጆች እንደሚሄዱ አውቃለሁ፤ አርብ ቀን ይዣቸው ሄድኩ። ሁልጊዜ መኪና ውስጥ ነው የምጠብቃቸው። ያን ቀን ግን "እኔም ልግባ" አልኳቸው። ትልቁ ሰማያዊ ዊግ እንደደፋ ዘወር ብሎ አየኝ። "አንተ? ካርቱን ትወዳለህ?" አለ። "በጣም" አልኩት።

አዳራሹ ውስጥ ጤነኛ ሰው ያለ አይመስልም። አንዱ የካርቶን ሰይፍ ታጥቋል፣ አንዷ የቀበሮ ጆሮ አድርጋለች፣ ግማሹ ፊቱን በጭምብል ሸፍኗል። በሌላ ቀን ቢሆን እየሳቅኩ እዞር ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኔ የሚፈልገው ከእናቴ ነጠላ የተሰፋውን ካባ ብቻ ነበር። ካባ የለበሰ ልጅ መዓት ነው፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ። ሁለት ሰዓት ያህል የልጅ ጀርባ እያየሁ ዞርኩ። አንድ ጥበቃ ጠርቶ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ዕድሜው የገፋ ወንድ ብቻውን ሕፃናት ሲከተል ማን ዝም ይላል? "የአሠሪዬን ልጆች" ብዬ ዋሸሁ፤ ውሸትማ ለምጄዋለሁ።

ተስፋ ቆርጬ ወደ መውጫው ስሄድ ነው ግድግዳውን ያየሁት። ሕፃናት ለውድድር የሣሏቸው የስዕል ታሪኮች ተለጥፈዋል። እያንዳንዱ ወረቀት ጎን ለጎን በአራት ሳጥን ተከፍሏል፤ ከሥሩ በዓረብኛ ተጽፎበታል። ዓረብኛ እናገራለሁ እንጂ አላነብም። ግን አንዱ ወረቀት ላይ ያለችውን ሴት ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም ነበር። ሹሩባ ተሠርታለች፣ የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነው፣ አንገቷ ላይ ማተብ አለ። ከጎኗ ያለችው ልጅ ጫፉ ቢጫና ሰማያዊ የሆነ ነጭ ካባ ለብሳለች። ግድግዳውን ያዝኩ።

ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ባዶ ክፍል፤ እርቃኑን የቀረ ፍራሽ ላይ ልጅቷ ብቻዋን ተቀምጣለች። ቀጥሎ የግቢ በር፣ ነጭ መኪና፣ ሻንጣ የያዘች እህቴ። ቀጥሎ እህቴ ኩሽና ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። በመጨረሻው እህቴ ስፌት መኪና ላይ ናት፣ ልጅቷ ካባውን ለብሳ ትዞራለች፣ ሁለቱም በሳቅ ፈርሰዋል። ግልጽ ነው። ልጅቷ ብቻዋን ነበረች፤ እህቴ መጣችላት፤ መጀመሪያ አገሯ ናፍቋት አለቀሰች፤ ከዚያ ለመደች። አለች! ከቤተሰቡ ጋር ወደ አዲሱ ቤት ሄዳለች እንጂ የትም አልጠፋችም። ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አነሳሁና እዚያው ቆሜ እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እማ፣ አገኘኋት! ደህና ናት፣ ትስቃለች!" አልኳት። በድምፄ ውስጥ ውሸት እንደሌለ ወዲያው ገባት። እልልታዋን የሰሙ ሁለት ልጆች ስልኬን ዞረው አዩት። ስልኩን እንኳ ሳትዘጋ "ነጠላዬን አቀብሉኝ" ስትል ሰማኋት።

ገና ስልኩን ኪሴ ሳልከት ልጅቷ መጣች። ካባው ትንሽ አጥሯታል። የያዘቻት ሌላ ሠራተኛ ናት፣ እስያዊት። ያን ጊዜ ደነገጥኩ፤ ግን ደስታዬ ድንጋጤዬን ዋጠው። ጎንበስ ብዬ በአማርኛ "እንደምን ነሽ?" አልኳት። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለችኝ፤ ቃሉን ሳብ አድርጋ፣ ልክ እንደ እህቴ።

"ወይን?" አልኳት በዓረብኛ፣ የእህቴን ስዕል እያሳየሁ። የት ናት?

ልጅቷ ጣቷን አነሳች። የጀመረችው ከቀኝ ነበር። መጀመሪያ ሳቁን ነካች፣ "እዚህ ካባዬን ሰፋችልኝ" አለች። ቀጥሎ ለቅሶውን። ቀጥሎ በሩን፣ መኪናውንና ሻንጣውን። በመጨረሻ ጣቷ ባዶው ክፍል ላይ ቆመ፣ "ማፊ" አለች፤ የለችም። ስድስት ዓመት ከዓረብ ጋር ስኖር፣ የሱቅ ጽሑፍ፣ ጋዜጣ፣ ቁርዓን፣ ሁሉ ነገር ከቀኝ እንደሚጀምር እያየሁ፣ ስዕልም እንደዚያው ይሆናል ብሎ ጭንቅላቴ አላሰበም።

ሠራተኛዋ ልጅቷን "ያላ" ብላ ስትጎትታት አባትየው ደረሰ። ወንድሟ መሆኔን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

"የት ናት?" አለኝ።

"እኔ እኮ ነኝ አንተን የምጠይቅህ!"

"እኛ አንተ ጋ ናት ብለን ነበር" አለ። "ኮንትራቷ ሲያልቅ አገሬ ልግባ ብላ አለቀሰች፤ ሌላ ሰው እስክናገኝ ቆዪ አልናት፤ አንድ ጠዋት ስንነሳ የለችም፤ ሸሸች ብለን አመለከትን።" በመስኮት ያየቻት ልጅቷ ብቻ ናት። "የወንድሟ መኪና ነው ብላኝ ነበር" አለች ልጅቷ ካባዋን እያፍተለተለች።

እኔ የምነዳው መኪና ግራጫ ነው።

ስሙን ጠየቅኩት፤ ሙሉ ስሙን ነገረኝ፣ ስልኩንም ሰጠኝ። ሰውየው ክፉ አይመስልም፤ ባይመስልም ያኔ አንቄ ልገድለው ነበር የፈለግኩት። የእሱን ስም ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ተመልሻለሁ፤ አቤቱታዬ ተመዝግቦልኛል፣ እጠብቃለሁ።

ያን ቀን መኪናው ውስጥ ገብቼ በሩን እንደዘጋሁ እናቴ ደወለች። ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ነው። "ጥላውን አስገባሁ፣ ልጄ! ካህኑ ዘርግተው ባረኩልኝ። በል አሁን እሷን አገናኘኝ።"

መዋሸት እችል ነበር። ስምንት ወር ችያለሁ። "እማ፣ ተሳስቼ ነው" አልኳት። "ስዕል አይቼ ነው የደወልኩልሽ። እዚህ ከቀኝ ነው የሚያነቡት። እኔ ከመጨረሻው ነው የጀመርኩት። እህቴ የለችም፣ እማ። የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው የለም።"

 ስልኩ የተዘጋ መስሎኝ አየሁት፤ መስመሩ ላይ ናት።

"ስዕሉ አሁን እጅህ ላይ ነው?" አለች በመጨረሻ።

"ስልኬ ላይ አለ።"

"እኛ በምናነብበት በኩል አንብብልኝ።"

"እማ..."

"አንብብልኝ አልኩህ።"

ፎቶውን ከፈትኩት። የአሠሪዬ ልጆች ዊጋቸውን እያወለቁ ወደ መኪናው ሲመጡ በመስታወት አያቸዋለሁ።

"ባዶ ክፍል አለ" አልኳት።

"እሺ" አለች እናቴ፣ "ከዚያስ?"