አሥራ ሦስተኛውን ወር የማያውቀው መስመር

ነገሩ የደረሰው ባለፈው የካቲት፣ እዚሁ ቡታጅራ ነው። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ስህተቶች ትልቁ አይደለም። ሆኖም የዚያን ቀን ያህል እርግጠኛ ሆኜ ተሳስቼ ስለማላውቅ ከሐሳቤ አይጠፋም።

በእኔና በጎረቤቴ በሐጂ ኑረዲን ግቢ መካከል ሁለታችንም የምንቀዳበት ጉድጓድ አለ። በወጣትነቴ በዩኒቨርሲቲ የተማርሁት የአፈርና የውሃ ጥናት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየማለዳው ድንጋይ የታሰረበት ገመድ እየሰደድሁ የውሃውን ከፍታ እለካለሁ። ቀኑን፣ ልኩንና አጭር አስተያየት በሠንጠረዥ እጽፋለሁ። አንድም ቀን ዘልዬ አላውቅም።

ዘንድሮ ውሃው ከወትሮው ቀድሞ ጎደለና ደፈረሰ። ምክንያቱን በመፈለግ ላይ ሳለሁ ወልቂጤ የምታስተምረው ልጄ ሰላም ልትጠይቀኝ መጣች። ሠንጠረዡን ላፕቶፔ ላይ ባለው የማስታወሻ መጻፊያ ፕሮግራም ውስጥ አይታ፣ «አባዬ፣ ይህን ሁሉ ቁጥር በዓይንህ ታስሰዋለህ?» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያም ሠንጠረዥን ወደ ግራፍ የሚለውጥ፣ ፕለጊን የሚሉትን ተቀጥላ ፕሮግራም ጭናልኝ በማግስቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ተቀምጬ ያለፈውን ዓመት ሠንጠረዥ መረጥሁና ቁልፉን ተጫንሁ። ሰማያዊ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ፈሰሰ። በየማለዳው የሰደድሁት ገመድ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ያለፈ፣ ውሃውም ከጉድጓዱ ወጥቶ ፊቴ የተኛ መሰለኝ። እንቅልፍ ባይወስደኝም ነቅቻለሁ ለማለት አልደፍርም። የመስመሩን እጥፋት በጣቴ እየተከተልሁ፣ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማላውቀው ጊዜ ፈዝዤ ቆየሁ።

ከዚያ መስመሩ ቁልቁል ወደቀ። ከሥሩ «ሜይ» የሚል ጽሑፍ ነበር። ሜይ ግንቦት ነው፤ ሐጂ ኑረዲን ከዚሁ ጉድጓድ የሚስብ የውሃ ሞተር የተከሉትም በዚያው ዓመት ግንቦት ነበር።

በማግስቱ ላፕቶፑን ታቅፌ ሄድሁ። ሐጂ የበርበሬ ችግኛቸውን ያጠጡ ነበር።

«ዛሬ ደግሞ ገመዱን ትተህ ሣጥን ይዘህ መጣህ?» አሉኝ።

መስመሩን አሳየኋቸው። «ጉድጓዱን ያጎደለው ሞተርዎ ነው። ዛሬውኑ ካላነሡት ለሽማግሌ እናገራለሁ» አልሁ። በየካቲት ሞተሩ ቢቆም ችግኙ በፀሐይ እንደሚያልቅ፣ የዓመቱም ምርት አብሮ እንደሚሄድ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሐጂ አልተቆጡም። እጃቸውን በጋቢያቸው አደራርቀው ወደ መስመሩ አጎነበሱ። «ወሮቹን በኛ አጠራር ንገረኝ» አሉ።

ጥር፣ የካቲት እያልሁ እስከ ታኅሣሥ ቆጠርሁላቸው። እሳቸውም በጣታቸው ይከተሉኝ ነበር።

«አሥራ ሁለት» አሉ። «ጳጉሜንስ? በጳጉሜን ጎርፉ ከጉድጓዱ አፍ ሲደርስ በአፈርና በእንጨት ስንገድብ የዋልነው እኔና አንተ አይደለንም? አንተ የተማርህ ሰው፣ ጳጉሜንን የት ጣልሃት?»

ሠንጠረዡን ከፈትሁ። የጳጉሜን ረድፎች በቦታቸው ነበሩ፤ ፕለጊኑ ግን አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ትቷቸዋል። ቀኖቹን የጻፍሁት በእኛ አቆጣጠር፣ በቁጥር ነበር። አምስተኛ ወር ያልሁትን፣ ጥርን፣ እርሱ ሜይ ብሎ አንብቦታል። ውሃው የወደቀው ሞተሩ ከመተከሉ ከወራት በፊት ነበር።

እየተንተባተብሁ አስረዳኋቸው። ሐጂ ችግኙ መካከል ቆመው ከልባቸው ሳቁ። «እንግዲያ ሣጥንህ ፈረንጅ ነው! እንግዳ አገር አያውቅም፤ አትቆጣው።»

ቤቴ ገብቼ የጥርን ረድፎች አንድ በአንድ አነበብሁ። ፕለጊኑ ቁጥርን እንጂ አስተያየትን አይሥልም። በአስተያየቱ ዓምድ በራሴ ቃል፣ ከረድፍ እስከ ረድፍ፣ «ለብሎኬት አጥር ሥራ ውሃ ተቀዳ» ይላል። አጥሩ የእኔ ነው፤ ያሠራሁትም ከሐጂ ግቢ ጋር በሚያዋስነኝ በኩል ነው። ሠራተኞቼ በርሜል በበርሜል ሲቀዱ ሐጂ በየቀኑ ያዩ ነበር። በሽማግሌ ሳስፈራራቸው ይህን ሊያነሡብኝ ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን የጠየቁኝ ስለ ጳጉሜን ብቻ ነው።

ዕለቱን ተመልሼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ስለ ምኑ?» አሉኝና የሞተሩን ቱቦ ወደ ሌላው መደብ አዞሩ።

አሁንም አልፎ አልፎ መስመሩን እከፍተዋለሁ። ውበቱ እንደ መጀመሪያው ቀን ያፈዘኛል። ከመውደቂያው ስደርስ ግን ጣቴን አነሣለሁ፤ እዚያ የማየው ውሃውን ሳይሆን ሐጂ ዝም ያሉልኝን ነገር ነው።