ሺሺንዳ የተሰቀለው ፈቃዴ

ከዩኒቨርሲቲ ከተመለስኩ በኋላ ቦንጋ ውስጥ አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ አቃተኝ። አምስት ዓመት ፋርማሲ ተምሬ፣ የመውጫ ፈተናውንም የሙያ ፈቃዱንም ፈተና አልፌ፣ ሥራዬ የማስታወቂያ ሰሌዳ ማንበብ ሆነ። ጠዋት ቁልቁለቱን ወርጄ አነባለሁ፣ ዳገቱን ወጥቼ ቴሌግራም እከፍታለሁ፣ ምናልባት ከሰዓት ለጥፈው ይሆናል ብዬ ደግሞ እወርዳለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ሽማግሌ "ዛሬም መጣሽ ልጄ?" ይሉኛል። "ናፍቀውኝ ነው ጋሼ" እላቸዋለሁ። እሳቸው ይስቃሉ፤ እኔ ውስጤ ይጨሳል።

ብዙውን ጊዜ ፋርማሲ የሚል ማስታወቂያ የለም። ሲኖርም "ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ" ይላል። ሥራ የማይሰጡኝ ልምድ ስለሌለኝ ነው፣ ልምድ የሌለኝ ደግሞ ሥራ ስላልሰጡኝ። ይህን የጻፈውን ሰው ባገኘው የምለው ነበረኝ።

በዚህ መሀል አንዲት ነጋዴ አስጠሩኝ። ሺሺንዳ ከተማ ላይ መድኃኒት ቤት ሊከፍቱ ነው፤ ያለ ባለሙያ ፈቃድ ደግሞ አይከፈትም። "ፈቃድሽን ስጪኝና ግድግዳ ላይ ልስቀለው" አሉኝ። "የምትሸጠው የእህቴ ልጅ ናት። አንቺ እዚሁ ሆነሽ ሥራሽን ፈልጊ። በየወሩ አስብልሻለሁ፤ ሁለት ዓመት ሲሞላ የልምድ ደብዳቤ ይጻፍልሻል።"

ፈቃድ ማከራየት ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ተማሪ እያለን እንዲህ የሚያደርጉትን ስንሰድብ ከሁሉም የሚጎላው የኔ ድምፅ ነበር።

"እትዬ፣ ተቆጣጣሪ ቢመጣስ?" አልኳቸው።

"ዕቃ ልታመጣ ቦንጋ ሄደች እንላለና" አሉ።

ደብዳቤው አሸነፈኝ፣ ሰጠኋቸው። ለጊዜው ነው አልኩ ለራሴ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ወላጆቼ የሚኖሩት ከሺሺንዳ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው፤ ምንም አልነገርኳቸውም። ሺሺንዳም ድርሽ አላልኩም፣ የሚያውቀኝ ሰው ቢጠይቀኝ ምን ልል ነው? ቦንጋ ላይ ያንኑ ቁልቁለትና ዳገት እመላለሳለሁ።

ዓመት ሊሞላኝ ሲል ወንድሜ ደወለ። አባቴ ደም አስታውኮ በመኪና ወደ ቦንጋ ሆስፒታል እያመጡት ነው። ዶክተሩ የጨጓራ ቁስሉ መድማቱን ነገረኝ። ጨጓራ እንዳለበት ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል። ምን ሲውጥ ከረመ ስለው ወንድሜ ከኪሱ ክኒን አወጣ፤ ዲክሎፌናክ፣ ለጉልበቱ ሕመም። ጨጓራ ላለበት ሰው እንደዋዛ የሚሰጥ አይደለም። አንዲት ጥያቄ ትበቃው ነበር፦ አባባ፣ ጨጓራ ያምዎታል?

"ከየት ነው የገዛው?" አልኩት።

"ከሺሺንዳ፣ ከአዲሱ መድኃኒት ቤት።"

ዕለቱኑ ለነጋዴዋ ደውዬ "ወረቀቴን አውርዱልኝ" አልኳቸው። "ደብዳቤውስ? ዓመት ከፈጀሽ በኋላ?" አሉኝ። "ይቅርብኝ" አልኩ። ስልኩን ስዘጋ ያዘንኩት በአባቴ ሕመም ብቻ ሳይሆን፣ ሥራ የማገኝበት መንገድ አብሮ ስለተዘጋም ጭምር ነበር። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ደሙ ቆሞለት ቀና ብሎ ተቀመጠ። አጠገቡ የተኙ ሽማግሌ ጉልበታቸውን እያሹ ያቃስታሉ። አባቴ ጠጋ አላቸውና በቋንቋችን በካፊኖኖ ያወራቸው ጀመር።

"ሲሻልዎ ሺሺንዳ ይሂዱ። ልጄ እዚያ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ማንበብ ባልችልም ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ወረቀት ፎቶዋን አይቻለሁ። ራሷ እስክትነግረኝ ብዬ አልጠየቅኳትም። በሄድኩ ቁጥር ዕቃ ልታመጣ ወጣች ይሉኛል እንጂ ቤቱ የሷ ነው፣ ሳልጠይቅ ነው የምወስደው። የመንደሬን ሰው ሁሉ እዚያ ነው የምልከው።" ከዚያ በኩራት ወደኔ ጠቆማቸው። "ይቺ ናት።"

ሽማግሌው በአክብሮት አንገታቸውን ዝቅ አደረጉልኝ። ወጥቼ መሄድ አማረኝ።

"አባዬ" አልኩት፣ "እኔ እዚያ ቤት አንድ ቀንም ገብቼ አላውቅም። ወረቀቴን ብቻ ነው ያከራየኋቸው።"

አልተቆጣም። ብርድ ልብሱን አስተካከለ።

"እሺ፣ እኔ የላክኋቸው ሰዎች" አለ፣ "መድኃኒት የሚሰጣቸው ማን ነው?"