ሚስቴን ስሜን መጥራት እንዴት እንዳስተማርኳት

አንድ ቀን እንኳ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ፣ በቀበሌያችን ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሰው ለማስነበብ የሚጠራው ጸሐፊውን ሳይሆን እኔን ነበር። ለፍርድ ቤት ማመልከቻ የጻፍኩላቸው ገበሬዎች አንድ ላይ ቢቆሙ ገበያ ይሞላሉ። ዶሃ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ዐረብኛን ከውሃ ካርቶን፣ ከመድኃኒት ሣጥንና ከአውቶቡስ ፌርማታ ላይ እየለቀምኩ በአንድ ዓመት ማንበብ ቻልኩ። አል ቱማማ በሚባለው የዶሃ ሰፈር በየቪላው በር ከተቀመጥነው ሐበሾች መካከል ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት አንብቦ ለሌላው የሚያስረዳ ከእኔ በቀር አላየሁም። ይህን የማነሣው ለመኩራራት ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ዕውቀቴ ነው።

እኔና ባለቤቴ የመጣነው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 ነው። ከተጋባን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆኖን ነበር። አንድ ልጅ ወልደን ቀብረናል። መሬታችን ለመንገድ ሥራ ተወስዶ በምትኩ የተሰጠን ቦታ ድንጋይ እንጂ እህል አያበቅልም። በዚህ መካከል አንድ ደላላ መጣና፣ ዶሃ ውስጥ አሮጊት እናቷን የምትይዝላት ጠና ያለች ሴት የምትፈልግ ማዳም መኖሯን፣ ግቢዋን የሚጠብቅና አትክልት የሚያጠጣ ወንድ ሠራተኛም እንደምትሻ ነገረን።

«ግን ባልና ሚስት አይቀበሉም» አለ። «ባልና ሚስት ይዶልታሉ ነው የሚሉት።»

ባለቤቴ ያለ እኔ አልሄድም አለች። እኔም ያለ እሷ የምሄድበት አገር አልነበረኝም። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ተለያይተን ያደርነው ሁለት ሌሊት ብቻ ነው፤ ሁለቱንም እኔ ለሰው ጉዳይ ወረዳ ሄጄ። ስለዚህ መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ፓስፖርት ስናወጣ የእኔን አባትና አያት ስም ለእሷም አስሞላሁላት። ከዕድሜያችንም አሥር አሥር ዓመት ቀነስኩ። በወረቀት ወንድምና እህት ሆነን ተገኘን። ደላላው እጄን ጨብጦ «ፋዘር፣ እርስዎ ጠበቃ መሆን ነበረብዎት» አለኝ። እውነቱን ነው።

የእኔ ክፍል ከግቢው በር አጠገብ፣ የእሷ ከማድ ቤቱ ጀርባ ከአሮጊቷ መኝታ ጎን ነበር። በመካከላችን ስድስት የተምር ዛፎችና የመኪና ማቆሚያ አሉ። ከቀትር በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ ሲተኛ ምሳዬን ይዛ ትመጣለች። እኔ ባልዲ ገልብጬ እቀመጣለሁ፤ ግማሹን በልቼ ሰሃኑን እገፋላታለሁ፤ እሷ እኔ ከበላሁበት በኩል ትጀምራለች። ከሠርጋችን ማግስት ጀምሮ እንዲህ ነው የምንበላው። ከዚያ የሚያማትን ጉልበት በቪክስ አሽላታለሁ። አንድ ሰዓት ናት። ለዚያች ሰዓት ስንል ሌላውን ሰዓት ሁሉ ወንድምና እህት ነበርን። ከአንድ አጥር ውስጥ እስካልወጣን ድረስ ምንም አልጎደለብንም።

አንድ ነገር ግን ረስቻለሁ። በእኛ አገር ሴት የባሏን ስም አትጠራም። ባለቤቴ አንቱ ነው የምትለኝ፤ ከሩቅ ስትፈልገኝ «ይስሙኝማ» ትላለች። መንደራችን ውስጥ የእኔን ስም የያዘ አንድ አንጥረኛ ነበር፤ እሱን እንኳ «የእሳቸው ሞክሼ» ነበር የምትለው። ፓስፖርቱን ሳስብ ይህችን አላሰብኳትም።

በ2020 ወረርሽኙ ገባና የቪላው በር ተዘጋ። በቤቱ ውስጥ አንዲት ሌላ ሐበሻ ነበረች፤ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆናታል፣ ሥራዋ ማጠብና መተኮስ ነው። ድሮ ዓርብ ዓርብ ትወጣ ነበር። መውጣት ሲከለከል የምታየው ነገር አጣችና እኛን ማየት ጀመረች። አንድ ቀን ከተምሮቹ ሥር ባለቤቴ ሰሃኑን ስታነሣ ደረሰች።

«ማዘር» አለቻት፣ «ወንድምሽን ነው አንቱ የምትይው?»

«ታላቄ አይደሉ» አለች ባለቤቴ።

«እኔም ታላቅ ወንድም አለኝ። አንተ ደነዝ ነው የምለው።»

«እንደየአገሩ ነው ልጄ።»

«ይሁን። እስቲ በስሙ ጥሪልኝ፤ አንዴ ብቻ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ጆሮዬን ደስ እንዲለው።»

ባለቤቴ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ሰሃኑን አየች። ልጅቷ እስክትጠግብ ጠበቀቻት፤ ከዚያ ሳቀች።

«የገጠር አክስቶች አሉኝ እኮ ማዘር። ባላቸውን 'ሰውዬው' እንዳሉ ነው የቀበሩት። አይዞሽ፣ ለማዳም አልናገርም። ካውያው ብቻ ወገቤን ፈጀው።»

ከማግስቱ ጀምሮ የቤቱን ልብስ የምትተኩሰው ባለቤቴ ሆነች። ባባ የምንለውን የማዳምን ባልና የልጆቹን ነጫጭ ጀለቢያ፣ የአልጋ ልብሱን፣ መጋረጃውን ሁሉ፣ በዚያ በሚያማት ጉልበት ቆማ። ልጅቷ ፍራሽ ላይ ተጋድማ ስልኳን ትነካካለች። በእኔ በኩል ስታልፍ «አንቱ፣ ቆሻሻ ልጣል፣ በሩን ይክፈቱልኝ» ትለኛለች፤ እከፍትላታለሁ። በሐሰት ወረቀት ገቡ ከተባልን ሴት ለብቻ፣ ወንድ ለብቻ እንደምንያዝ ሰምቻለሁ። ያን ነበር የምፈራው።

ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥኩም። ነገሩን አውጥቼ አውርጄ አንድ መፍትሔ አገኘሁ፤ ስሜን መጥራት ከቻለች ልጅቷ የያዘችው ነገር ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ማስተማር ጀመርኩ። ራሴን እንዳስተማርኩት ከፊደል ጀመርኩ። ስሜ ሦስት ፊደል ነው። በአትክልት ማጠጫው ቱቦ ጫፍ አሸዋው ላይ እጽፍላታለሁ፤ እሷ በጣቷ ትከተላለች። በሦስተኛው ሳምንት እኔ ሳልነካላት ሦስቱንም ጻፈች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። መጻፉን ቻለችው፤ መጥራቱ ላይ ቆመች። የመጀመሪያውን ፊደል ብላ አፏን በነጠላዋ ትይዛለች፤ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ትስቃለች።

«ነውር ነው» ትለኛለች።

«ነውሩ በእኔ ይሁን። በይ።»

«እናቴ ትሰማኛለች።»

«እናትሽ ከሞተች ሃያ ዓመቷ ነው።»

እያባበልኩ አልሆን ሲለኝ ጠበቅ አደረግሁ። አንቱ ስትለኝ አልመልስም። ይስሙኝ ስትለኝ አልዞርም። ምሳዬን አምጥታ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ በስሜ ካልጠራችኝ አልቀበላትም። አንዳንድ ቀን ሰሃኑን እንደያዘች ትመለሳለች፤ ሁለታችንም ሳንበላ እንውላለን። ለእኔ ከባድ አልነበረም አልልም። አስተማሪ ነበርኩና ቻልኩት።

በጥር ነበር። ለአሮጊቷ የፈላ ውሃ ስታቀርብ አንጓዋ ላይ ፈሰሰባት። ወደ ግቢው እየሮጠች መጣች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ዛፎቹን አጠጣለሁ።

«ይስሙኝ» አለች።

አልዞርኩም።

«ይስሙኝ፣ ተቃጠልኩ።»

ዶሃ በጥር ስለምትበርድ የቱቦው ውሃ ቀዝቃዛ ነበር፤ በእጄ ይዤዋለሁ። አልዞርኩም። ድምፅዋ ተቆራረጠ። ከዚያ ሦስቱን ፊደል አንድ በአንድ፣ አሸዋው ላይ እንደጻፈቻቸው፣ አለቻቸው። ዞርኩና ውሃውን እጇ ላይ ለቀቅሁላት። ጠባሳው አሁንም አለ።

በሳምንቱ ካውያውን ተዪው አልኳት። ልጅቷ ስትመጣ ባለቤቴ ማድ ቤት በር ላይ ቆማ በስሜ ጠራችኝ። ከሩቅ «አቤት እህቴ» አልኩ። ልጅቷ ለአፍታ ተመለከተችን፤ ካውያዋን አንሥታ ገባች። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ እንደዚያን ቀን የኮራሁበት የለም።

ልጅቷ ግን ቂሟን ይዛ ቆየች። በዚያው ዓመት፣ በ2021፣ አሮጊቷ ሞቱ። ባለቤቴ እንደ እናቷ አለቀሰቻቸው። የሐዘኑ ቀን ሲያበቃ ልጅቷ ለማዳም ተናገረች። ማዳም እኔንና ባለቤቴን ግቢው ውስጥ አስጠራችን፤ ልጅቷም እጇን አጣጥፋ ከኋላዋ ቆመች።

«እሷ ባልና ሚስት ናቸው ትለኛለች» አለችኝ ማዳም በዐረብኛ።

«እህቴ ናት ማዳም።»

«የአገራችሁ የገጠር ሴት የባሏን ስም አትጠራም አለችኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው ትጥራህ።»

ለባለቤቴ በአማርኛ ነገርኳት። የተቃጠለውን አንጓዋን በሌላው እጇ ያዘች። አንገቷን ደፍታ መሬቱን አየች፤ እዚያ ግን ሲሚንቶ ነው፣ የተጻፈ ነገር የለበትም። ከዚያ ስሜን ጠራች። አልተቆራረጠችም፤ አልሳቀችም። እንደ እህት ነው የጠራችኝ። «አንተ» ብላ ጨመረችበት፤ ያን እኔ አላስተማርኳትም።

ማዳም ፊቷ ተፈታ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «እውነት ቢሆን ተቸግሬ ነበር። እናቴ ካለፈች በኋላ ለእሷ እዚህ ሥራ የለኝም፤ ዋክራ ከተማ ያለችው እህቴ የባሏን እናት የምትይዝላት ትፈልጋለች። ባልና ሚስት መለየት እኛ ዘንድ ሐራም ነው። ባልና ሚስት ብትሆኑ ሁለታችሁንም እዚሁ አስቀምጣችሁ ነበር። እህት ግን የትም ሠርታ እህት ናት። ነገ ጠዋት ሾፌሩ ያደርሳታል። ኸላስ።»

ባልና ሚስት አይቀበሉም ያለን ደላላው ነበር። ማዳምን ራሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። አሁን ሚስቴ ናት ብል፣ በማዳም እጅ ያለው ወረቀት የአንድ አባት ልጆች ነን ይላል። የአባቱን ልጅ ያገባ ሰው ልሆን ነው። ወረቀቱን የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት።

ባለቤቴ ከጥቂት የቤት ቃል በቀር ዐረብኛ አታውቅም። የማዳምን ፊት አይታ ደስ ብሏታል።

«ምን አሉ?» አለችኝ።

«አመኑን።»

«ተመስገን።»

«ነገ ዋክራ ትሄጃለሽ። እዚያ ሥራ አለ።»

«አንቱስ?» አለች።

ልጅቷ ሰማች። እኔን አየችኝ፤ ማዳምን አየቻት። ማዳም ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ቤት እየገባች ነበር። ልጅቷ አፏን በመዳፏ ይዛ እስኪበቃት ሳቀች፤ ከዚያ ተከትላት ገባች። ማዳምን ልትጠራት ትችል ነበር። አልጠራቻትም።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ከሰዓት በሜትሮ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ዋክራ እሄዳለሁ። በዚያ ቤት የምታበስለው ሐበሻ ስለሆነች እዚያም ወንድምና እህት ነን። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ በስሜ ትጠራኛለች፤ «አንተ፣ ግባ፣ ውሃ ጠጣ» ትለኛለች። ውሃ እጠጣለሁ።

ዘንድሮ፣ በ2022፣ አንድ ዓርብ ከወንድሟ ጋር ለአንድ ሰዓት እንድትወጣ ፈቀዱላት። የዓሣ ጀልባዎቹ ከሚታሰሩበት አጠገብ ተቀመጥን። አማርኛ የሚሰማ አንድም ሰው አልነበረም። ያመጣችውን ዳቦ ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ፤ የራሷን ግማሽ ለብቻዋ በላች።

«እዚህ ማንም የለም» አልኳት። «እንደ ድሮሽ ጥሪኝ።»

«እንዴት ብዬ?»

«እንደ ድሮው።»

አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ያኔ ከተምሮቹ ሥር ልጅቷ ስሜን ጥሪ ስትላት፣ ሰሃኑን ይዛ እንዳደረገችው ነው።

«አፌ ላይ አልመጣ አለኝ» አለች። ፍርፋሪውን ከጉልበቷ አራገፈች። «ጉልበቴን ተሽሎኛል። አንተ ግን ደህና ነህ? ከስተሃል።»

ደህና ነኝ አልኳት።

እንግዲህ በእነዚህ ዓመታት ያከናወንኩት ይህ ነው። ዐረብኛ ማንበብ ራሴን አስተምሬያለሁ። ስድስት ተምር አንዱም ሳይደርቅብኝ አቆይቻለሁ። ከአል ቱማማ ዋክራ ድረስ መንገድ ሳልጠይቅ እሄዳለሁ። ማንም ያልደረሰበት ወረቀት ሠርቻለሁ፤ እስከ ዛሬም አልተደረሰበትም። ሚስቴን ከካውያ አስጥያለሁ። በእርጅናዋ ሦስት ፊደል አስጽፌያታለሁ። ወደ አርባ ዓመት ስሜን ሳትጠራ የኖረችውን ሴት ስሜን አስጠርቻለሁ፤ አሁን ማንም ሳያስገድዳት ትጠራኛለች።