ከበቆጂ የሚሰማ እግር

አብሮኝ የሚወዛወዘውን ሰው ከፊቱ በፊት እግሩን ነው ያወቅሁት። ወረርሽኙ ትምህርት ቤቶችን የዘጋበት ክረምት ነበር። እሱ በቆጂ፣ እኔ አሰላ። በደህናው ቀን በሚኒባስ ሄደው፣ ጉዳይ ጨርሰው ለምሳ የሚመለሱበት መንገድ ነው፤ ያን ጊዜ ግን እንደ ባሕር ማዶ ራቀብን።

አሰላ ውስጥ ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ነበርኩ። ለሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ አስተማሪ ሲጠፋ ርእሰ መምህሩ፣ "አንቺ ወጣት ነሽ፣ ልጆቹን ትንሽ አጫውቻቸው" ብለው ሰጡኝ። ማጫወቱ እያደር ያዘኝ። ክፍል ውስጥ ስሟን እንኳ ጮክ ብላ የማትጠራ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ለጭፈራ ስንሰለፍ ግን ከሁሉም ፊት የምትቆመው እሷ ነበረች። ይህን ካየሁ በኋላ በግምት ማስተማሩ አላስችል አለኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ኮሌጅ የውዝዋዜ መምህርነትን በርቀት ሊያስተምር ነው ሲባል ተመዘገብኩ።

ዲክሲስ ለምትኖረው እናቴ በስልክ ነገርኳት።

"ምንድን ነው የምትማሪው?"

"ውዝዋዜ። ማለት፣ ውዝዋዜ ማስተማር።"

"እሱንማ ሰርግ ላይ ትችዪው የለም እንዴ? በርቀት ደግሞ! ሰው እንዴት ብሎ በርቀት ይጨፍራል?"

እኔም የገረመኝ ይኸው ነበር።

የመጀመሪያው ሞጁል ሲመጣ ገጾቹ በእግር ሥዕል የተሞሉ ነበሩ፤ ከእያንዳንዱ እግር ቀስት ይወጣል። ቀስቱን ተከትዬ ስዞር ከአልጋዬ ጠርዝ ጋር እጋጫለሁ። የተከራየኋት ክፍል ጠባብ ናት፣ ወለሏም ጣውላ ነው። ከግድግዳው ወዲያ አከራዬ ይኖራሉ። በኦሮምኛ፣ እንደ እናት፣ አዴ ነበር የምላቸው። ዕድሜያቸውን ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ልጆቻቸው አድገው የወጡላቸው የአርሲ ሴት ናቸው። አንድ ቀን በሬን አንኳኩ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዕቃ እያዛወርሽ ነው?"

"አይ አዴ፣ እያጠናሁ ነው።"

"በእግርሽ?"

ላቤን አዩ፣ ወለሉ ላይ የተዘረጋውን ሞጁል አዩ፣ እየሳቁ ሄዱ። በማግስቱ ተመልሰው መጥተው፣ "ሳሎኑን ተጠቀሚበት፤ ምንጣፉን ብቻ ጠቅልለሽ አስቀምጪልኝ" አሉኝ።

አስተማሪያችንንም የምናውቃት በድምፅ ብቻ ነበር። የተወዛወዝነውን ቀርፀን እንልክላታለን፤ እሷ በዚያ ሻካራ ድምፅዋ አጭር መልስ ቀድታ ትልካለች። "ጉልበትሽ ፈርቷል" አለችኝ አንዴ፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ቀኑን ሙሉ ጉልበቴን እያየሁ ዋልኩ።

ለመጨረሻው ፈተና በአካባቢ በአካባቢ ጥንድ ጥንድ አደረገችን። ከአገራችን የሥራ እንቅስቃሴ አንዱን ወስደን ወደ ውዝዋዜ እንድንለውጥ ነበር የታዘዝነው። የእኔ ጥንድ በቆጂ የሚኖር የስፖርት መምህር ሆነ። ሄጄ እንዳላገኘው አባቱ የሳንባ ሕመምተኛ ነበሩ፤ በሽታው እንዳይገባባቸው ስለፈራ ከግቢው አይወጣም፣ ሰውም አያስገባም። እንቅስቃሴያችንን በቪዲዮ መላላክ እንደጀመርን ደግሞ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ ለሳምንታት አልተመለሰም። የቀረልን ተራ የስልክ ጥሪ ብቻ ነበር።

"ቲቸር፣ ምን ይሻላል?" አለኝ። መምህራን እርስ በርሳችን እንደምንጠራራው ቲቸር ነበር የሚለኝ፤ እኔም እሱን እንደዚያው።

"ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጠውና ተወዛወዝ" አልኩት። "እኔ እግርህን እሰማለሁ።"

አስቀመጠው። የዶሮ ድምፅ ሰማሁ። ነፋስ ሰማሁ። የአባቱን ሳል ሰማሁ። እግር ግን የለም።

"ጀመርክ?"

"ኧረ ጨረስኩ!"

ለካ እንደ ብዙ የበቆጂ ልጅ እሱም ሯጭ ነበር፤ ጉልበቱ እስኪጎዳ ድረስ ሌላ ነገር አስቦ አያውቅም። "ሯጭ መሬት አይደበድብም ቲቸር" አለኝ። "አሠልጣኛችን የእግሩ ድምፅ የሚሰማ ልጅ ካለ ይቆጣ ነበር።" በማግስቱ ሲደውል ግን ስልኩ ውስጥ ዱም፣ ዱም የሚል ነገር መጣ። የአባቱን የጭቃ ቦቲ አጥልቆ ነው።

እንዲህ ጀመርን። ከሰዓት በኋላ ይደውላል፤ እኔ የአዴን ምንጣፍ እጠቀልላለሁ፤ ሁለታችንም ስልካችንን መሬት ላይ እናስቀምጣለን። እሱ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር" እያለ ይቆጥራል፤ እኔ "አንድ፣ ሁለት" እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ቁጥራችን እየተደራረበ እግራችንን አሳሳተን። በኋላ እኔ በኦሮምኛ እሱ በአማርኛ ስንቆጥር ራሳችንን አገኘነው፤ ማን እንዳስጀመረው አላስታውስም።

የመረጥነው ሥራ ገብስ ማዝራት ነበር፤ የተወቃውን በመንሽ ወደ ላይ እየወረወሩ ገለባውን ለነፋስ መስጠት። በአርሲ አሁን ሁሉንም ኮምባይነር ስለሚሠራው ሁለታችንም መንሽ ይዘን አናውቅም። እሱ አባቱን ጠየቀ፤ እኔ እናቴ ዘንድ ደወልኩ።

"ነፋሱ ሲቆም ምን ታደርጉ ነበር?" አልኳት።

"ምን እናደርጋለን? ቆመን እንጠብቃለን። አባትሽ ያፏጫል።" ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ ስታወራ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነበር። "ይህን ነው እንዴ የሚያስተምሩሽ?" አለችና፣ አወራወሩን፣ ክንድ ከየት እንደሚነሣ፣ ወገብ የት እንደሚዞር ረጅም ሰዓት ነገረችኝ።

ስለዚህ ውዝዋዜያችን ውስጥ ነፋስ መጠበቂያ አስገባን፤ ሁለታችንም ዝም ብለን የምንቆምበት ቦታ። በስልክ ከባዱ ይኸው ሆነ። ዝም ስንል መስመሩ ይቋረጥ አይቋረጥ አይታወቅም።

"አለህ?"

"አለሁ ቲቸር። ነፋስ እየጠበቅሁ ነው።"

ክረምቱ ሲከር ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ በረዶ የጣለ ቀን ጨርሶ አንሰማማም። ያኔ ስልኩን ከመሬት አንሥተን ጆሯችን ላይ እንለጥፍና እስኪያባራ እናወራለን። ሩጫ ካቆመ በኋላ ስለነበረው ጊዜ የነገረኝ በእንዲህ ያለ ቀን ነው። ጓደኞቹ ማለዳ ልምምድ ሲወጡ በመስኮት እያየ፣ እግሩ ሥራ ፈትቶ ሊያሳብደው ደርሶ ነበር። "ሰው ይስቅብኛል ብዬ አልናገረውም እንጂ፣ ውዝዋዜውን ስጀምር መጀመሪያ ቀን አልቅሻለሁ" አለኝ። እኔ አልሳቅሁም። ዝናቡን አብረን ሰማን።

አዴም ለመዱን። መቁጠሪያቸውን ይዘው ጥግ ላይ ይቀመጡና፣ "ዛሬ ልጁ ደክሞታል፣ ግራው ይዘገያል" ይላሉ። አንድም ጊዜ ሳያዩት።

መንገዱ ተከፍቶ ለፈተና አዲስ አበባ የተጠራን ጊዜ፣ ዋዜማውን አሰላ መጣ። የብቅል ፋብሪካው ሽታ አየሩን በሞላበት ከሰዓት መናኸሪያ ወጥቼ ጠበቅሁት። ቦቲውን በፌስታል አንጠልጥሎ ከሚኒባስ የወረደ አንድ ቀጭን፣ አጭር ሰው ወደ እኔ መጣ።

"ቲቸር?"

"በእግርህ ድምፅ በር የሚያህል ሰው ነበር የጠበቅሁት" አልኩት። ጭምብሉ ሥር ሲስቅ ዓይኑ ጠበበ።

የአዴ ሳሎን ገብተን ፊት ለፊት ቆምን፤ ጀመርን፤ ተበላሸ። እሱ ሲያየኝ ይስቃል፣ እኔ ሳየው አፍራለሁ። የእሱ ቀኝ የእኔ ግራ ሆኖ ተጋጨን። ሦስት አራቴ ሞከርን፤ ባሰብን። አዴ ከጥጋቸው፣ "ምን አስቸገራችሁ? ጀርባ ተሰጣጡ፤ እስከ ዛሬስ ተያይታችሁ ነው እንዴ?" አሉ። ጀርባ ሰጠሁት። ቦቲው ዱም ሲል፣ ያ የማውቀው ሰው ተመልሶ መጣ።

አስተማሪያችን ድምፅዋ እንደሚያስመስላት ግዙፍ ሳትሆን ደቃቃ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት ነበረች። ከአዳራሹ ጫፍ ሆና ገና ስንቆም፣ "ያ ቦቲ ምንድን ነው? አውልቀው" አለችው። ተያየን። አወለቀው።

ጀርባ ለጀርባ ጀመርን። ከኋላዬ ምንም ድምፅ የለም። በልቤ ቶኮ፣ ለማ እያልኩ ወረወርኩ፣ ዞርኩ፣ ጎነበስኩ። ነፋስ መጠበቂያው ላይ ስንደርስ ግን አልቻልኩም። ያለ ይሁን የሌለ አላወቅሁምና፣ ሥራው ውስጥ ያልነበረ ነገር አደረግሁ፤ ዞሬ አየሁት። እሱም ዞሮ እኔን እያየኝ ነበር። እንደዚያው እየተያየን ቆየን፤ ከዚያ አብረን ወደ ላይ ወረወርን፤ አንድም ቦታ ሳንስት ጨረስን።

"ይሄ መዞር ከየት የመጣ ነው?" አለች።

"ጠፍቶብኝ ነው" አልኳት።

"እንግዲህ አታውጡት። ከሠራችሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።"

አለፍን። በማግስቱ በአንድ አውቶቡስ ተመለስን። ከኢተያ በኋላ ስንዴው ቢጫ ሆኖ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞት ነበር። መስኮቱን ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው፤ እኔ አሰላ ስወርድ ቀሰቀስኩትና ተሰናበትን። እሱ ወደ በቆጂ ቀጠለ።

አባቱ በዓመቱ ዐረፉ። ለለቅሶ ስሄድ ያን ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ከአጥሩ ሥር ቦቲው የጠቀጠቀው መሬት ሣር ሳይበቅልበት ቀርቷል። እሱም እያየሁት መሆኔን አይቶ ወደ ተቀመጡት ሰዎች መራኝ።

አሁን እዚያው በቆጂ ሕጻናትን ውዝዋዜ ያስተምራል፤ አግብቷል፣ ወልዷል። እኔ አሰላ ነኝ፤ ከአማርኛ ክፍለ ጊዜዬ ይልቅ የጭፈራው በዝቷል። መንገዱ ክፍት ነው፣ ኢንተርኔቱም አለ፤ የምንደዋወለው ግን እኔ በእሱ አረፋ፣ እሱ በእኔ ፋሲካ ነው። ያ ክረምት ለስንቱ ሰው የሐዘንና የጭንቅ ጊዜ እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔም ፈርቼ ያደርኩባቸው ቀኖች ነበሩ። ሆኖም ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ይናፍቀኛል፤ ለሰው ለመናገር ግን ያሳፍረኛል።